ስትሬፕቶማይሲንና የጆሮ ጥበቃ ታሪክ



የሳንባ ነቀርሳ ፈዋሽ መድኃኒት ባልነበረው ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም.፥ አልበርት ሻትዝ በአሜሪካ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ስትሬፕቶማይሲንን አገኙ። ከሞት አፋፍ የደረሱ ብዙ ሕሙማን በዚህ መርፌ ዳኑ። ይሁን እንጂ በ1945 ሂንሾና ፌልድማን የተባሉ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ የውስጠኛውን ጆሮ እየነካ ሕሙማንን እንደሚያዞርና ሚዛን እንደሚያሳጣ ገለጡ።

ይህን ለማስቀረት በ1946 ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን ተሠራ። ማዞሩ ቢቀንስም ጉዳቱ ወደ መስሚያው ክፍል ዞረ እንጂ አልቀረም፤ አንዳንዱም ሕመምተኛ መርፌውን ከጨረሰ ከሳምንታት በኋላ ደነቈረ። ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ ተዉት።

የጉዳቱ ምክንያት እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላል፤ እነዚህም በሰው ጆሮ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለ ሆነ፥ ሰውዬው ጭውውት ሳይቸግረው ጉዳቱ ሊጀምር ይችላል፤ የመስማት መለኪያው መሣሪያ ግን አስቀድሞ ያሳያል።

በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከዚሁ ወገን የሆነው ካናማይሲን መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ እንዳይሰጥ መከረ። ጄንታማይሲንና አሚካሲን ግን ዛሬም ለከባድ ሕመም ያገለግላሉ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መርፌ ሲታዘዝላችሁ፥ የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ወይም ከቤተ ዘመድ በመድኃኒት የደነቈረ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ አስታውቁ፤ ጆሮአችሁም ከሕክምናው በፊትና በሕክምናው ጊዜ እንዲለካ ጠይቁ። ጆሮአችሁ ጭው ቢል ወይም ቢያዞራችሁ ያንኑ ዕለት ተናገሩ። መርፌውን በራሳችሁ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም፤ መጠኑን የሚቀንሰውም ሆነ መድኃኒቱን የሚለውጠው ሐኪሙ ነው።