የሚሮ ዶራው ራስ ቅልና የጠፋው ሐይቅ ዳርቻ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የቆቦን ሜዳ ሲያቋርጥ በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። ክረምት በገባ ቁጥር እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች ከደጋው ድንጋይና ደለል ጠርገው ወርደው በሜዳው ላይ ያነጥፉታል። የራያ ገበሬም ይህንኑ ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላውን ሲያለማበት ኖሯል። ከውሃው ከፊሉ እዚያው በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ከፊሉም በተራሮቹ መካከል መውጫ እያበጀ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ደጋው የሚሰደውን ቆላው የሚያከማችበት ይህ አሠራር የዛሬ ብቻ አይደለም። ከ3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ወንዝ በአፋር ምድር ወደ ነበረ ሐይቅ ሲገባ በዳርቻው አሸዋ ውስጥ የቀበረው ራስ ቅል በዘመናችን ተገኝቶ፣ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በመማሪያ መጻሕፍት ሰፍሮ የኖረውን አንድ ትምህርት አናግቷል።

የውሃ ዳርቻ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳብ የሚመጣው የባሕር ጠረፍ ነው። ነገር ግን ለአጥንት መቆየት የሐይቅ ዳርቻ ከባሕሩ አያንስም። በሜዳ ላይ የወደቀ በድን የጅብና የጥንብ አንሣ ሲሳይ ይሆናል፤ የተረፈውንም ፀሐይና ዝናብ ይፈረካክሱታል። ወንዝ ከሐይቅ በሚገናኝበት ስፍራ ግን ውሃው ኃይሉ ስለሚደክም የተሸከመውን አሸዋና ጭቃ ይጥላል፤ አጥንቱም በቶሎ ይሸፈናል፤ በዘመን ብዛትም ማዕድን እየጠጣ ድንጋይ ይሆናል። ቅሪተ አካል የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ የቆቦ ሜዳም በደለል የተሞላ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለው ቅሪት ከዞብል ወዲያ በአፋር በኩል የሚበዛው ስለ ምንድን ነው? ነገሩ ከምድሩ አፈጣጠር የመጣ ነው። ቆቦን የከበቡት ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተገነቡ ናቸው፤ የቀለጠ ድንጋይ ደግሞ አጥንት አያስቀርም። በሜዳው ላይ የተከመረው ደለልም ገና ያልተቆፈረ ጎተራ ነው ቢባል ይቀላል፤ የውሃ ጉድጓድ ካልወረደበት በቀር ሆዱን አያሳይም። በአፋር ግን ምድሪቱ እየተሳበች ስትሳሳና ስትሰነጠቅ የጥንት ሐይቆች ወለል ወደ ላይ ተነሥቶ ለጎርፍ ተጋልጧል። በየዓመቱ የሚዘንበው ጥቂት ዝናብ እንኳ አዲስ ነገር አጥቦ ያወጣል።

የካቲት 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነው ይህን ይመስላል። በሚሌ ወረዳ ሚሮ ዶራ በተባለው ስፍራ አቶ አሊ በረይኖ የሚባሉ አፋር ፍየል አርቢ ለግልገሎቻቸው የሌሊት መጠለያ ለማበጀት በአሸዋ ድንጋዩ ተረተር ላይ ሲቆፍሩ አንድ የላይኛ መንጋጋ አገኙ። ከተራ ድንጋይ ወይም ከፍየል አጥንት ለይተው ማየታቸው በራሱ የሚደነቅ ነው። ወሬው በአካባቢው አስተዳደር በኩል፣ በወራንሶ ሚሌ የጥናት ቡድን ይመሩ ለነበሩት ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ደረሰ። እርሳቸውም አራት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ቦታውን ሲመረምሩ፣ መንጋጋው ከተገኘበት ጥቂት ሜትር ርቆ የቀረውን የራስ ቅል አዩት። ከዚያም ስብርባሪው እንዳይቀር ስፍራውን የሸፈነው የፍየል በጠጥ ሳይቀር በወንፊት ተነፋ። ከሳይንስ ሥራ ሁሉ ብዙ ጊዜ የማይወራለት እንዲህ ያለው ክፍል ነው።

ዶክተር ዮሐንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በታሪክ ትምህርት ሲሆን፣ ወደ ሰው ዘር ጥናት የገቡት በአገሪቱ የቅርስ መሥሪያ ቤት ከሠሩ በኋላ ነው። ከእርሳቸው በፊትም በዚሁ መስክ የኢትዮጵያውያን እጅ አልታጣም። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ስትገኝ ሐዳር በወሎ ሥር ይተዳደር ነበር። በዚያው ዓመት ከድንቅነሽ ቀደም ብሎ በሐዳር የጥንታውያን መንጋጋዎችን ያገኙት የመንግሥት ተወካይ የነበሩት አቶ ዓለማየሁ አስፋው ናቸው። የእርሳቸው ስም ከድንቅነሽ ዝና አጠገብ ሲጠራ የሚሰማው ከሚገባው በታች ነው።

ራስ ቅሉ ተገኘ፤ የማን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ለአጥንቱ ሳይሆን ለተቀበረበት ምድር ቀረበ። ቤቨርሊ ሴይለር የምትመራው የሥነ ምድር ቡድን በአካባቢው ያሉትን የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች በአርጎን ስሌት፣ የደለሉንም ንብርብር በመግነጢስ አቅጣጫው መርምሮ ዕድሜውን 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዓመት አደረገው። አሸዋው ወንዝ ወደ ሐይቅ ሲገባ የሚሠራው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ወንዙም ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ሳይሆን እንደማይቀር ተገመተ። የዕፀዋት ቅሪት ደግሞ በሐይቁና በወንዙ ዳር ዛፍ እንደነበረ፣ ዙሪያው ግን ቁጥቋጦ የበዛበት ደረቅ አገር እንደነበረ አመለከተ። ዛሬ በሐሸንጌ ወይም በሐይቅ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ለምለም መስክ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ዘመን ከሚታወቁት የሰው ዘር ቅርንጫፎች አንዱ አውስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ ይባላል። የዚህም ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በኬንያ ካናፖይ በተባለ ስፍራ አንድ የክንድ አጥንት ቁራጭ ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን ስለሆነ ስም ሳይወጣለት ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ። በኋላ ሚቭ ሊኪና ባልደረቦቿ ከካናፖይና ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ካለው አሊያ ቤይ መንጋጋዎችንና ጥርሶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1995 ስሙን አወጡለት። «አናም» በቱርካና ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። ከዚያም በመካከለኛው አዋሽ የዚሁ ዘር ጥርሶችና አጥንቶች ተገኙ። ከሁሉ ግን ፊቱን ያየ አልነበረም።

እንግዲህ ፊቱን ማንም አይቶት የማያውቀውን ፍጡር በምን ይለዩታል? በእጅ ያለው መመዘኛ ጥርስና መንጋጋ ብቻ ነበርና የሚሮ ዶራው የላይኛ መንጋጋና ክራንቻ ከኬንያዎቹና ከአዋሾቹ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። ዘሩን የወሰነው ይህ ንጽጽር ነው፤ የቀረው ፊት ግን አዲስ ዕውቀት ሆኖ ተጨመረ። ጉንጩ ወደ ፊት የወጣ፣ የአንጎል ቤቱ ረዘምና ጠበብ ያለ፣ ከዓይን በስተ ኋላ ያለው ስፍራ በጣም የተሰለለ ሆኖ ታየ። አንጎሉም ወደ 370 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይህም ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙ አይርቅም። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ እንደሆነም ተገመተ። አጥንቱ ከተነሣበት ቀን እስከ ነሐሴ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ውጤቱ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት እስከ ታተመበት ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ። ወሬ የሚቸኩለውን ያህል ሳይንስ አለመቸኮሉ ለዚህ ራስ ቅል ጠቅሞታል።

የውሳኔው ፍሬ የታየው ከሌላ ቁራጭ አጥንት ጋር በተያያዘ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በመካከለኛው አዋሽ ቤሎህደሊ በተባለ ስፍራ የተገኘ፣ 3 ነጥብ 9 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የግንባር አጥንት ነበር። የማን ዘር እንደሆነ ለመቁረጥ አዳጋች ሆኖ ቆይቶ ነበር። የሚሮ ዶራው ፊት ከተገኘ በኋላ ግን ግንባሩ ከአናመንሲስ ይልቅ የድንቅነሽን ዘር፣ ማለት አፋረንሲስን፣ እንደሚመስል አጥኚዎቹ አስረዱ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ዘሮች ቢያንስ ለ100,000 ዓመት አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ቀድሞ ይታመንበት የነበረው ግን አናመንሲስ በሙሉ ቀስ በቀስ ወደ አፋረንሲስ ተለውጦ አለቀ የሚል ነበር። አባት ልጁ ከተወለደ በኋላም በሕይወት ሊቆይ ይችላልና አዲሱ አስተያየት አናመንሲስን ከድንቅነሽ አያትነት አያወጣውም፤ አለዋወጡን እንጂ። ይህም ቢሆን ሁሉም ሊቃውንት የተቀበሉት አይደለም። አንድ የግንባር ቁራጭ ለዚህን ያህል ድምዳሜ አይበቃም የሚሉ አሉ፤ ተቃውሞአቸውም ቀላል አይደለም።

በቆቦና በአካባቢው ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለመስኖ የሚወርዱት ጉድጓዶች፣ ለግንባታ የሚዛቀው የወንዝ አሸዋና ለመንገድ የሚቆረጠው ተረተር ሁሉ የተዘጋውን ጎተራ የሚከፍቱ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዳ አጥንት በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ከተነሣበት አሸዋ ከተለየ ግን ዕድሜውን የሚናገርለት ምስክር ያጣል። አቶ አሊ መንጋጋውን ብቻ ሳይሆን የተገኘበትንም ጉድጓድ ማሳየት ባይችሉ ኖሮ፣ ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ የነበረው ፊት ዛሬም በፍየል እግር ሥር በሆነ ነበር።

ከራስ ቅሉ ጋር ከአንገት በታች ያለው አካል አልተገኘም። የካናፖይ የቅልጥም አጥንት አናመንሲስ በሁለት እግሩ ይሄድ እንደነበር ቢያስረዳም፣ የሚሮ ዶራው ሰው የራሱ እግር ገና ከአሸዋው አልወጣም።