ወረፋ በኮምፒውተር ሥርዓቶችና በገመድ አልባ ኔትወርኮች

የአፈጻጸም ምሕንድስና ተያይዘው የሚሠሩ ኮምፒውተሮችና የሚያገናኟቸው መስመሮች ምን ያህል ሥራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጡ የሚያሰላ፣ የሚለካና የሚያስተካክል የሙያ ዘርፍ ነው። ዋና ጉዳዩ ወረፋ ነው። ማሽኑ አንድን ሥራ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሥራው ተራው እስኪደርስ ቆሞ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው የሚበዛው። ከባንክ መስኮት «ሲስተም የለም» ሲባል አንዳንዴ እውነትም የለም። አንዳንዴ ግን ሲስተሙ አለ፤ ጥያቄያችን ነው ወረፋ ላይ ያለው።

ስሌቱ የተጀመረው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘፈቀደ የሚመጡ የስልክ ጥሪዎች የሚከተሉትን ሥርዓት በሒሳብ አሳየ። በ1917 ደግሞ ይህን ያህል መስመር ቢዘረጋ ከደዋዮች ስንቱ «መስመሩ ተይዟል» ተብሎ እንደሚመለስ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። የትራፊክ መለኪያውም በስሙ ይጠራል፤ አንድ መስመር ሰዓቱን ሙሉ ሲያዝ 1 ኤርላንግ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ሰዎች 6፣ 6 ደቂቃ ቢያወሩ ድምሩ 120 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ኤርላንግ ይሆናል። በጣት ለሚቆጥር ሰው 2 መስመር ይበቃል። በኤርላንግ ቀመር ግን ከ100 ጥሪዎች 40ዎቹ መስመር አያገኙም፤ ደዋዮቹ ተነጋግረው ተራ በተራ አይደውሉማ። ከ100 ጥሪዎች ተመላሾቹን ወደ 4 ገደማ ለማውረድ 5 መስመር ያስፈልጋል።

በሰርቨር ላይም ነገሩ ያው ነው። አንድ ሰርቨር ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ ጥያቄዎቹም በዘፈቀደ ይመጣሉ፣ ርዝመታቸውም ይለያያል። ከጊዜው 50 በመቶውን ሥራ ሲይዘው ተጠቃሚው መልስ የሚያገኘው በአማካይ በ20 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ80 በመቶ 50፣ በ90 በመቶ 100 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ በ99 በመቶ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይደርሳል። ከ90 ወደ 99 ሲወጣ ሥራው የጨመረው በአንድ አሥረኛ ነው፣ ጥበቃው ግን አሥር እጥፍ ሆነ። «ገና 10 በመቶ አቅም እያለን ለምን አዲስ ማሽን እንገዛለን?» የሚል ኃላፊ ይህን ስሌት አላየም ማለት ነው።

ሥራው ለብዙ ማሽኖች ሲከፋፈል ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ መልሱ የሚሟላው የመጨረሻው ዘገምተኛ ሲደርስ ነው። የጉግል መሐንዲሶቹ ጄፍ ዲንና ልዊስ ባሮሶ በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሰሉት፣ እያንዳንዱ ሰርቨር ከ100 አንዴ ብቻ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቢዘገይ፣ 100 ሰርቨሮችን የሚነካ ጥያቄ የመዘግየት ዕድሉ 63 በመቶ ነው። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ቀላል ነው። መልስ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከቆየ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰርቨር መላክ፣ ቀድሞ የመጣውን መቀበል። በአንድ ሙከራቸው ይህ ዘዴ ከ1,000 ጥያቄዎች አንዱን የሚያጋጥመውን መዘግየት ከ1,800 ወደ 74 ሚሊ ሰከንድ ሲያወርድ፣ የጨመረው ጥያቄ 2 በመቶ ብቻ ነበር።

በገመድ አልባ ኔትወርክ ላይ ወረፋውን የሚያስከብር ዘበኛ የለም። አየሩ የሁሉም ነው፤ ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከተናገረ የሁለቱም መልእክት ይበላሻል። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ሥራ ያስጀመሩት አሎሃ የተባለው የሬዲዮ ኔትወርክ ማንም በፈለገው ሰዓት እንዲልክ፣ ከተጋጨ ደግሞ ቆይቶ እንዲደግም ይፈቅድ ነበር። በዚህ ልቅ አሠራር ከመስመሩ አቅም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ነው። ጊዜው በእኩል ተከፋፍሎ መላክ የሚቻለው በየክፍሉ መጀመሪያ ብቻ ሲሆን ወደ 37 በመቶ ያድጋል። ዋይፋይ ደግሞ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል።

ማዳመጡም ሁሉን አልፈታም። የግሬኖብል ተመራማሪዎች በ2003 እንዳሳዩት፣ በ11 ሜጋቢት ከሚሠሩ ኮምፒውተሮች መካከል ከራውተሩ ርቆ በ1 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ሲገባ የሁሉም ፍጥነት ከ1 ሜጋቢት በታች ይወርዳል። ዋይፋይ ያከፋፈለው ተራን እንጂ ጊዜን ስላልነበረ፣ ተራ የደረሰው ዘገምተኛ አየሩን ይዞት ይቆያል።

ከገመድ አልባው ውጭም ወረፋ ያንቃል፤ የኢንተርኔቱ ታላቅ መጨናነቅ የታየው በጥቅምት 1986 ነው። በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል፣ 400 ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ምክንያቱ ጠፋ የተባለ ፓኬት (በመስመሩ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ሁሉ እንደገና እየተላከ ወረፋውን ያበዛው ስለነበር ነው። ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያቀረበው መድኃኒት፣ ፓኬት ሲጠፋ ላኪው ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን መጥፋቱ በጊዜ ከታወቀ ነው። ሜሞሪ ረክሶ ራውተሮች ትልልቅ ማቆያ ሲገጠምላቸው ፓኬቱ ከመጣል ይልቅ ለረጅም ጊዜ ይከማች ጀመር፤ ላኪውም መጨናነቁን የሚያውቀው ዘግይቶ ሆነ። ካትሊን ኒኮልስና ጃኮብሰን በ2012 ያወጡት ኮደል የተባለ ዘዴ የወረፋውን ርዝመት ትቶ እያንዳንዱ ፓኬት የቆየበትን ጊዜ ይመለከታል።

ይህን ችግር እቤትዎ መፈተሽ ይችላሉ። ፒንግ (የመልስ ጊዜ መለኪያ) እያስኬዱ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ይጫኑ። የመልሱ ጊዜ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ተነሥቶ ወደ ብዙ መቶ ከዘለለ፣ ለሰፋ መስመር ተጨማሪ ከመክፈልዎ በፊት ራውተርዎ ወረፋ የሚያስተዳድር ቅንብር እንዳለው ይመልከቱ።