ኦቲዝም ላለባቸው ታዳጊዎች ወላጅ እንደ አሠልጣኝ

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ሲሆን ከሰው ጋር መግባባትን አስቸጋሪ ያደርጋል። እርግማን አይደለም፤ በወላጅ አስተዳደግ ጉድለትም አይመጣም።

በኢትዮጵያ ቀዳሚ የሆነው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2002 በወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ውስጥ ተመሠረተ። እንዲህ ያሉ ማዕከላት እንደ ሳንጃ ካሉ ከተሞች የራቁ በመሆናቸው ወላጅን ማሠልጠን ትልቅ መፍትሔ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ለታዳጊዎች በአሜሪካ የተዘጋጀው ፒርስ የተሰኘው ሥልጠና ደግሞ ወላጅንና ልጅን በአንድ ጊዜ በተለያየ ክፍል ያስተምራል፤ ወላጁም ትምህርቱን በቤት ያለማምዳል።

የሥልጠናዎቹ መሠረት ክህሎትን በትንንሽ ደረጃዎች ከፍሎ ማሳየት፣ ማለማመድና ማበረታታት ነው። ለምሳሌ ልጁ ጨው መግዛትን ሲማር በመጀመሪያ እናቱ ስትገዛ ይመለከታል፤ ቀጥሎ እርሷ አጠገቡ ቆማ እርሱ ይገዛል፤ በመጨረሻም ከሩቅ ትከታተለዋለች። በቡና ሰዓትም ለጎረቤት ሰላምታ መስጠትንና የንግግር ተራ መጠበቅን ይለማመዳል።

ዓይን ለዓይን እንዲተያይ ማስገደድና በስህተቱ መቅጣት አይገባም። የገበያ ጫጫታ ሲያስጨንቀውም ጸጥ ወዳለ ስፍራ ይወሰዳል። ታዳጊዎች ያልፈለጉትን ንክኪ «እምቢ» ማለትንና ለሚያምኑት ሰው መናገርን ሊማሩ ይገባል።

ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዓይን ከመሰወር ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስደው ይገባል። ቤት የተዘጋበት ልጅ ከሰው ጋር መኖርን የሚለማመድበት ዕድል አያገኝምና።