ትእዛዙ ከቤት ሳይወጣ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም አብረው ተቋረጡ። በክልሉ አንዳንድ ከተሞች እንኳ የተመለሰው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ለሚኖር ሰው እንግዲህ የሳሎኑን አምፖል ለማብራት ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ፈቃድ የሚጠይቅ «ስማርት ሆም» ምን እንደሚጎድለው ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚገርመው፣ ዕቃውን የሠሩት አገሮች ይህን የተማሩት ኢንተርኔት ሳይቋረጥባቸው መሆኑ ነው።

ሪቮልቭ 300 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ሃብ ነበር፤ ከአምፖሉና ከበሩ ቁልፍ ጋር በሬዲዮ እየተነጋገረ ቤቱን ያዛል። ለገዢው የዕድሜ ልክ አገልግሎት ቃል ተገብቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጉግሉ ኔስት ኩባንያውን ገዛ፤ በሜይ 15 ቀን 2016 ደግሞ ሰርቨሩን ዘጋው። የሣጥኑ ሬዲዮ አልተበላሸም፤ የሚያዘው አእምሮ ግን ሌላ ቦታ ነበርና ሣጥኑ በድን ሆነ። ዕድሜ ልክ ሲባል የማን ዕድሜ እንደሆነ ቀድሞ የጠየቀ አልነበረም!

እ.ኤ.አ. በ2019 የሎውስ መደብሮች ተመሳሳይ አገልግሎት፣ አይሪስ፣ ተዘጋ፤ እሱስ ቢያንስ ኮዱን ለሕዝብ ለቆ ነው። በኤፕሪል 2022 የሌላው የስማርት ሆም አምራች፣ የኢንስቲዮን፣ ሰርቨር ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ዕቃዎቻቸውን ቀድመው ከሆም አሲስታንት ጋር ያገናኙት ደንበኞች ግን ማብሪያቸው እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። ይህ ነፃ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2013 በፓውለስ ስካውትሰን የተጀመረ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ኢንስቲዮንን ራሱን በጁን የገዙትም ከተጠቃሚዎቹ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን የሊድል መደብር ርካሽ ሃብ ታሪክ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚሠራው ሊኑክስ ሲሆን፣ ከአምፖሎቹ ጋር የሚነጋገረው ዚግቢ በተባለው ሬዲዮ የሚሠራ ለብቻው ያለ ቺፕ ነው። ጠጋኞች ክዳኑን ከፍተው በቦርዱ ላይ ባሉት ነጥቦች ሽቦ በየዱ፤ የይለፍ ቃሉን ከሣጥኑ ከራሱ ማህደረ ትውስታ አወጡ። ከዚያም የቺፑን ንግግር በኬብል ለሆም አሲስታንት የሚያቀብል ትንሽ ፕሮግራም ጫኑበት። ለሩቅ ሰርቨር (ለክላውድ) የተሠራው ሣጥን እንዲህ የቤቱ ተራ አንቴና ሆነ፤ ትእዛዙም ከራውተሩ አያልፍም።

ራውተር ዳታ ባይኖረውም በቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ማገናኘቱን አይተውም። ባለቤቱ መንገድ ሲወጣ ግን ከሩቅ ማዘዝ አይችልም፤ መብራት ሲጠፋም ሁሉም ይቆማል። በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ይህን የሚሞክር ሰው ከሃቡ በፊት ባትሪ ቢገዛ ይሻለዋል።