የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ አመራረጥ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ኃይል አከማችቶ የብስክሌቱን ሞተር የሚያንቀሳቅስ ክፍል ነው። ተራ ብስክሌት በቤት ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር በቸርኬው መሃል የሚገባ ሞተር፣ ኮንትሮለር፣ የፍጥነት መስጫ እጀታና ባትሪ ይገጠሙለታል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ የሚለው ባትሪው ነው፤ ሲበላሽ ቤት ሊያቃጥል የሚችለውም እሱ ነው። ምርጫው ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ስንት ኃይል ይይዛል? ዳገት ላይ የሚፈለገውን ከረንት ሳይሞቅ ይሰጣል? ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ አደጋ አያመጣም?

ሁኔታው በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ በኤሌክትሪክ መጓዝ የነዳጅ ወጪን ያስቀራል። ይሁን እንጂ የመሬቱ አቀማመጥ ባትሪን ይፈትናል። የጉራጌ ዞን መቀመጫ ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በዝቢዳር ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከከተሞቹ ወጥቶ በቸሃና በአካባቢው ወዳሉ መንደሮች የሚጓዝ ሰው ዳገት፣ ጠጠርና ሣር የለበሰውን የመንደር ጎዳና ጀፎረን ያገኛል። ስለዚህ ለሜዳማ ከተማ የተጻፈ የርቀት ግምት እዚህ በቀጥታ አይሠራም።

የኃይል መጠን

ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካው በዋት-ሰዓት ሲሆን፣ የሚገኘውም ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት በማባዛት ነው። 36 ቮልት 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት፣ 48 ቮልት 13 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ደግሞ 624 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ቮልቱን ብቻ ወይም አምፔር-ሰዓቱን ብቻ አይቶ ሁለት ባትሪዎችን ማወዳደር ያሳስታል።

የሚያስፈልገው መጠን ከመንገዱ ይሰላል። ለምሳሌ ነጂው 65፣ ብስክሌቱ ከነባትሪው 25፣ ዕቃው 10፣ በድምሩ 100 ኪሎ ግራም ይሁን። ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር፣ በመንገዱ ላይ የሚወጣው ዳገት ተደምሮ 300 ሜትር ከፍታ ነው እንበል። ነጂው ፔዳል እየረገጠ በመጠነኛ ፍጥነት ሲሄድ ሜዳው በኪሎ ሜትር 12 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ በጠቅላላው 240 ይወስዳል። 100 ኪሎ ግራምን 300 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት 82 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል፤ ሞተሩ ከሚቀበለው ሩብ ያህሉን በሙቀት ቢያባክን ከባትሪው የሚወጣው 110 ይሆናል። ድምሩ 350 ነው። በአብዛኞቹ የቤት ቅየራዎች ቁልቁለቱ ይህን ኃይል ለባትሪው አይመልስም።

እስከ መጨረሻው ጠብታ ማራገፍ ባትሪን ስለሚጎዳ ከአቅሙ 80 በመቶውን ብቻ መጠቀም ይመከራል። ባትሪው አርጅቶ አቅሙ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስም መንገዱን እንዲጨርስ ከተፈለገ የሚያስፈልገው 550 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን በቂ የሚመስለው 360ው ባትሪ ለዚህ ጉዞ አይበቃም፤ 624ቱ ግን ይበቃል።

ከረንት

ብዙ ኃይል የያዘ ባትሪም ዳገት ላይ ሊዝል ይችላል። በ8 በመቶ ዳገት 100 ኪሎ ግራምን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለማውጣት፣ ነጂው ፔዳል ካልረገጠ፣ ከባትሪው 520 ዋት ገደማ ይወጣል። ይህ በ48 ቮልት 11 አምፔር፣ በ36 ቮልት ደግሞ 14 አምፔር ያህል ነው። ከቆመበት ሲነሣ ኮንትሮለሩ ከዚህ በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በባትሪው ላይ ያለማቋረጥ ይሰጣል ተብሎ የተጻፈው አምፔር ኮንትሮለሩ ከሚስበው ከፍተኛ አምፔር መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ሴሎቹ ይሞቃሉ፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ብስክሌቱም ዳገት መሃል ይቆማል።

የባትሪ ዓይነቶች

እርሳስ-አሲድ ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የተፈለሰፈ ነው። ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው፤ አራት ባለ 12 ቮልት 12 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች በአንድነት 16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ከግማሽ በላይ ደጋግሞ ማራገፍ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአፍታ ብዙ ከረንት እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም።

ሊቲየም-አዮን በ1991 እ.ኤ.አ. በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ነው። ከኒኬል ጋር የተሠራው ዓይነት ቀላል ነው፤ ባለ 48 ቮልቱ 13 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘውበት ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል። ሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ከዚህ ከበድ ይላል፤ ነገር ግን ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ክብደቱ ለማያስቸግረውና ባትሪውን ቤት ውስጥ ለሚያስቀምጥ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው።

ደኅንነት

ሊቲየም ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ሲወጋ ወይም በውስጡ ሲገናኝ አንዱ ሴል ሌላውን እያሞቀ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋ በዚያው ዓመት ለሽያጭ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ዩኤል 2271 የተባለውን የደኅንነት መስፈርት እንዲያሟላ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች።

በተለምዶ ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሌለው ሊቲየም ባትሪ መገዛት የለበትም። ቻርጀሩ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት። 58.4 ቮልት የሚሰጥ የ16 ሴል ሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ቻርጀር 13 ሴል ባለው ሊቲየም-አዮን ላይ ቢሰካና ሰሌዳው ባያቋርጠው፣ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት ገደቡ አልፎ ወደ 4.5 ይጠጋል። ባትሪውን ሣር ክዳን ባለው ቤት፣ በመኝታ ክፍል ወይም በመውጫ በር አጠገብ፣ እንዲሁም ሰው ተኝቶ ሳለ ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው። ያበጠ ወይም በክረምት ዝናብ ውኃ የገባበት ባትሪ ከአገልግሎት ውጭ ይደረጋል። ከአሮጌ ላፕቶፖች የተለቀሙ ሴሎችም አቅማቸው ስለሚለያይ አብረው ሲሠሩ ደካማው ቀድሞ ይጎዳል።

ሲገዛ የሚታይ

ክብደት ሐሰተኛ ጽሑፍን ያጋልጣል። የተለመዱት ባለ 18 በ65 ሚሊ ሜትር ክብ ሴሎች በኪሎ ግራም ከ270 ዋት-ሰዓት ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ 48 ቮልት 20 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት፣ ከእነዚህ ሴሎች የተሠራ ባትሪ ከ3.5 ኪሎ ግራም በታች ከመዘነ ጽሑፉ እውነት አይደለም። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 13 ሴል ባትሪ በመለኪያ 54 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ዳገት ላይ ሲፈተን ቮልቱ በጣም ከወደቀ ሴሎቹ ደካሞች ወይም ያረጁ ናቸው።

ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ማስመጣትም መፍትሔ አይሆንም። ዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ መንገደኛ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ይዞ እንዳይበር ይከለክላል፤ አብዛኞቹ የብስክሌት ባትሪዎች ከዚህ ይበልጣሉ።

ባለ 624 ዋት-ሰዓት ባትሪን በ2 አምፔር ቻርጀር መሙላት 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቆጣሪ የሚወስደውም ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት በታች ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሰው ነቅቶ ባለበት በቀን ከፋፍሎ መሙላት ይቻላል፤ ሊቲየም ባትሪ በየጊዜው በከፊል ቢሞላ አይጎዳም።