ቪትዝ፦ በ1300 ሲሲ ድንበር ውስጥ የገባው ትንሽ መኪና

በምዕራብ አዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በዘነበወርቅ በኩል ወደ አየር ጤና የሚዘልቀው መንገድ ከማለዳ እስከ ምሽት ተሽከርካሪ አይታጣበትም። ታካሚን ወደ አለርት ሆስፒታል፣ ተማሪን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛን ወደ ሥራው ከሚያደርሱት የቤት መኪናዎች መካከል ደጋግሞ የሚታየው አጭሩ ቶዮታ ቪትዝ ነው። ገዥው ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ ወይም ከዘመድ ተበድሮ የሚገዛው ነው፤ በመተግበሪያ ጥሪ ተሳፋሪ ለሚያጓጉዘው አሽከርካሪ ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው።

መኪናው ሲነደፍ ግን ለኢትዮጵያ መንገድ ታስቦ አልነበረም። ከጃፓን ከተሞች ተነስቶ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው በቁጠባው ብቻ ሳይኾን የሞተሩ መጠን በኢትዮጵያ የታክስ ሕግ ከተሰመረው መስመር በታች በመኾኑም ጭምር ነው።

ከስታርሌት ወደ ቪትዝ

ቶዮታ ቪትዝን በጃፓን ገበያ ያቀረበው እ.አ.አ በ1999 መጀመሪያ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲመረት የቆየውን ስታርሌትን ተክቶ ነበር የመጣው። ቅርጹን የነደፈው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። ስያሜው ብልሃት ወይም ቀልድ የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል የተወሰደ ነው። በአውሮፓ ገበያ የተሸጠው ያሪስ በሚል ስም ሲኾን ከእ.አ.አ 2001 ጀምሮ በፈረንሳይ ቫለንሲየን በሚገኘው ፋብሪካም ተመርቷል።

መኪናው በጃፓን የእ.አ.አ 1999/2000፣ በአውሮፓ ደግሞ የ2000 የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ተከተሉ። በ2020 ቶዮታ በጃፓንም ያሪስ የሚለውን ስም መጠቀም ሲጀምር ቪትዝ የሚለው ስያሜ አበቃ።

የመጀመሪያው ትውልድ ምን ይዟል?

የመጀመሪያው ቪትዝ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ61 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ66፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ37 ሴንቲ ሜትር ነው። በፊት ጎማ የሚነዳው ዓይነት ክብደቱ 10 ኩንታል አይሞላም፤ የነዳጅ ታንኩ 45 ሊትር ይይዛል። ጎማው የ13 ወይም የ14 ኢንች በመኾኑ በጠባብ መንደር ለመታጠፍ ይመቻል፤ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ግን ሆዱ መሬት ይነካል።

ሦስት ዓይነት የቤንዚን ሞተሮች ነበሩት። ትንሹ 997 ሲሲ ኾኖ 70 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። መካከለኛው 1298 ሲሲ፣ ትልቁ 1496 ሲሲ ናቸው። ሦስቱም ባለአራት ሲሊንደርና ባለ16 ባልቮላ ሲኾኑ የሚሠሩት በቺንጋ ሳይኾን በካቴና ነው። በዚህም ምክንያት በየተወሰነ ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት የሞተር ቺንጋ የለባቸውም፤ ይልቁንም ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ካቴናው ይለጠጣል።

ሁለተኛው ትውልድ ወደ 3 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። ባለ1.0 ሊትሩም 996 ሲሲ በኾነ ባለሦስት ሲሊንደር ሞተር ተተካ። የፍጥነት ማሳያው በሁለቱም ትውልዶች ከመሪው ፊት ሳይኾን ከዳሽቦርዱ መሐል ነው የተቀመጠው። ይህም ያንኑ ዳሽቦርድ በቀኝም በግራም ለሚነዱ አገሮች ለማዘጋጀት የሚመች ነው።

የ1300 ሲሲ ድንበር

ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ስትሠራበት በቆየችው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ የቤት መኪናዎች በሞተራቸው መጠን በሦስት ይከፈሉ ነበር። እስከ 1300 ሲሲ ያለው 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ከኤክሳይሱ በተጨማሪ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ እና 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይታሰባሉ። ከቅድመ ግብሩ በስተቀር አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የሚሰላው።

ወደብ እስኪደርስ 100 ሺህ ብር የወጣበትን መኪና ለምሳሌ እንውሰድ። ሞተሩ ከ1300 ሲሲ ካልበለጠ ጠቅላላ ቀረጥና ታክሱ ወደ 125 ሺህ ብር ይደርሳል። በመካከለኛው እርከን 176 ሺህ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ ደግሞ 244 ሺህ ብር ገደማ ይኾናል። በአንደኛውና በሁለተኛው እርከን መካከል ያለው ልዩነት ብቻ የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ያህላል።

ባለ1298 ሲሲው ቪትዝ ከድንበሩ በ2 ሲሲ ብቻ ዝቅ ያለ ነው። በሁለተኛው ትውልድ የመጣው ባለ1.3 ሊትርም ከ1300 በታች ነው። በአንጻሩ ባለ1.5 ሊትሩ ከመጀመሪያውም ወደ 60 በመቶው እርከን የሚገባ ነበር። የሦስተኛው ትውልድ ባለ1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ በትክክል ሲለካ 1329 ሲሲ በመኾኑ ስሙ "1.3" ቢኾንም ከመስመሩ ያልፋል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ

ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በኩል የምትነዳ አገር ናት። በጃፓን ግን የሚነዳው በግራ በኩል ስለኾነ የመኪናው መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ በጃፓን ያገለገለ ቪትዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት መሪው፣ ፔዳሎቹና ዳሽቦርዱ ወደ ግራ መዛወር ነበረባቸው። ይህ ሥራ በዱባይ በስፋት ሲሠራ ቆይቷል። ከፈረንሳይ ፋብሪካ የወጣው ያሪስ ግን ለአውሮፓ አብዛኛው ክፍል የተሠራው መሪው በግራ ኾኖ ነው።

ልዩነቱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት ምዘና ተቋም ለመጀመሪያው ያሪስ አራት፣ ለሁለተኛው አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ኾኖም የተፈተነው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ነው። መሪው ሲዛወር የአየር ከረጢቱ በትክክል ካልተገጠመ፣ የመሪው ዘንግ በብየዳ ከተቀጠለ፣ የፍሬን ፔዳሉ ላልቶ ከኾነ ኮከቡ ትርጉም ያጣል። የፊት መብራቱም ሌላ ጉዳይ ነው። የጃፓን መብራት የተሠራው የግራውን የመንገድ ጠርዝ ከፍ አድርጎ ለማሳየት በመኾኑ ካልተቀየረ በኢትዮጵያ መንገድ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። የዝናብ መጥረጊያው የሚያርፍበትና የሚጠርግበት አቅጣጫም መታየት አለበት።

የሻንሲ ቁጥሩ ምን ይናገራል?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፤ ቪትዝ የሚገዛም የሻንሲ ቁጥሩን ማየት ይኖርበታል። ለጃፓን ገበያ በተሠራ ቪትዝ የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ ትውልዱንና ሞተሩን ይገልጻል። "ኤስሲፒ 10" የመጀመሪያው ትውልድ ባለ1.0 ሊትር፣ "ኤንሲፒ 10" ባለ1.3፣ "ኤንሲፒ 13" ባለ1.5 ሊትር ነው። "ኬኤስፒ 90" የሁለተኛው ትውልድ ባለ1.0፣ "ኤስሲፒ 90" ባለ1.3 ሊትር ነው። 130 የሚል ቁጥር ካለ ሦስተኛው ትውልድ መኾኑን ያመለክታል። በፈረንሳይ የተሠራው ያሪስ ግን ባለ17 አኃዝ ቁጥር ይዞ በ"ቪኤንኬ" ይጀምራል።

ይህ ቁጥር በመኪናው አካል ላይ ከተመታውና በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር መመሳሰል አለበት። ሊብሬው 1.3 ሊትር እያለ ኮዱ ባለ1.0 ሊትር ከኾነ ሞተሩ የተቀየረ ሊኾን ስለሚችል ከክፍያ በፊት ማጣራት ይገባል። ኮዱ መለዋወጫ ለመግዛትም ይጠቅማል። ሁለቱም "ባለ1.0 ሊትር ቪትዝ" ቢባሉም ባለአራትና ባለሦስት ሲሊንደሩ ካንዴላ ለመግዛት እንኳ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። በሁለተኛው ትውልድ በርካታ መኪናዎች ላይ ያለው ሲቪቲ የተባለው ካምቢዮም የራሱ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቢጨመርበት ለብልሽት ይዳረጋል፤ ጥገናውም ውድ ነው።

ሕጉ ሲቀየር

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ስሌቱን ገለበጠው። እስከ 1300 ሲሲ የኾነ አዲስ መኪና ኤክሳይስ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ግን ከዋጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ተጣለበት። ዓላማው ያረጁ መኪናዎች እንዳይገቡ ማድረግ ነበር። ያገለገለ ቪትዝ በርካሽ የሚመጣበት በርም በዚያው ጠበበ።

በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ የኾኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ለኤሌክትሪክ መኪናዎች ከዚያ ቀደም ብሎ የኤክሳይስ፣ የተጨማሪ እሴትና የሱር ታክስ ተነስቶላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የብር ዋጋ ጨመረ።

በእነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት በአገር ውስጥ ያለው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ እንጂ በአዲስ የሚተካ አይደለም። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል የሚለው የሌላው ዓለም ልማድ በአዲስ አበባ አልሠራም፤ ባለቤቶች ዓመታት ነድተውት ከገዙበት በላይ የሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ኾኖም ዋጋው የቆመው በሶማሌ ተራ በሚገኘው መለዋወጫና በጋራዥ ባለሙያው እጅ ላይ ነው። ስለኾነም ቁጠባውን በዚህ መኪና ላይ የሚያፈስ ቤተሰብ ከቀለሙ በፊት የሻንሲ ኮዱን፣ የመሪውን አገጣጠምና የካምቢዮውን ዓይነት ማወቅ ይኖርበታል።