በመጨረሻ ሰዓት መክሸፍን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች

በመጨረሻ ሰዓት መክሸፍን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አንድ ሰው ወይም ቡድን የጀመረውን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው ሳይሳካለት መቅረቱን የሚናገሩ አባባሎች ናቸው። ብዙዎቹ የተወሰዱት ከስፖርት፣ በተለይም ከብሪታንያ የፈረስ እሽቅድድም ነው። ወደ አማርኛ ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለጥቂት አመለጠው» ወይም «ዳር ሳያደርሰው ቀረ» ይባላሉ። ይህ ስህተት ባይሆንም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይነግርም፤ ፈሊጦቹ ግን እርስ በርሳቸው በዋናነት የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ከፈረስ ሜዳ የመጡ

«ፎል አት ዘ ላስት ኸርድል» ቃል በቃል «በመጨረሻው መሰናክል ላይ መውደቅ» ማለት ነው። መነሻው ፈረሶች መሰናክል እየዘለሉ የሚሮጡበት ውድድር ነው። ትምህርቱን ሁሉ ጨርሶ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የወደቀ ተማሪ እንዲህ ይባልለታል። ወቀሳው ለስላሳ ነው፤ ከፊቱ እውነተኛ መሰናክል ነበረና።

ስሙ ራሱ ፈሊጥ የሆነ ፈረስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሊቨርፑል አቅራቢያ በኤይንትሪ በተካሄደው ግራንድ ናሽናል፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እናት ንብረት የነበረው ዴቨን ሎክ 30ውንም መሰናክሎች ዘሎ፣ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ፣ ውድድሩን እየመራ ነበር። የቀረው 50 ሜትር የማይሞላ ሜዳ ሲሆን በላዩ ላይ ምንም መሰናክል አልነበረም። ፈረሱ ግን ድንገት የሚዘል መስሎ ተነሣና በሆዱ ተዘረጋ፤ ኢ.ኤስ.ቢ. የተባለው ፈረስ አልፎት አሸነፈ። ጥላ አይቶ ነው፣ የሕዝቡ ጩኸት አስደንግጦት ነው፣ ጡንቻው ተሸማቆ ነው የሚሉ መላ ምቶች ቢቀርቡም ምክንያቱ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ጋላቢው ዲክ ፍራንሲስ በኋላ የታወቀ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ። በብሪታንያ «ዴቨን ሎክን መሥራት» ዛሬም ያለቀለት የሚመስለውን ድል ባልታሰበ መንገድ ማጣት ነው።

«ፒፕድ አት ዘ ፖስት» ደግሞ በመጨረሻው መስመር ላይ በጥቂት መቀደም ነው። እዚህ የተሸነፈው ሰው ምንም አላጠፋም፤ ሌላው በለጠው እንጂ። በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲገባ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ገባ። ለቴርጋት የሚስማማው ፈሊጥ ይህ ነው። በመሰናክል ወደቀ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል።

የወኔ ማጣት

«ቾክ» መታነቅ ማለት ሲሆን፣ በስፖርት ቋንቋ በጭንቀት ብዛት የሚችሉትን ማድረግ አለመቻል ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው የ1993 የዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ ነው። ያና ኖቮትና በሦስተኛው ምድብ 4 ለ 1 እየመራች፣ 5 ለ 1 ለማድረግ አንድ ነጥብ ሲቀራት በተከታታይ ሁለት ኳስ አበላሸች። ከዚያ በኋላ አንድም ጌም ሳታሸንፍ ምድቡ በስቴፊ ግራፍ 6 ለ 4 ተጠናቀቀ። ቃሉ ለዓመታት ተከተላት፤ በ1998 ግን ዋንጫውን ወሰደች።

«ቦትል ኢት» የብሪታንያ የመንገድ ቋንቋ ነው። «ቦትል» ጠርሙስ ቢሆንም በዚህ አነጋገር ወኔ ማለት ነው፤ የእግር ኳስ ደጋፊዎች መሪነቱን ያስረከበ ቡድንን ይሰድቡበታል። አሜሪካውያን ብዙም አይጠቀሙበትም።

ሌሎች

«ከጽዋና ከከንፈር መካከል ብዙ መንሸራተት አለ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከጥንታዊ ግሪክ የመጣ ነው። በአፈ ታሪኩ አንካየስ ከተከለው ወይን እንደማይጠጣ ተተንብዮለት ነበር፤ ጽዋውን ሊጎነጭ ሲል የዱር አሳማ አትክልቱን እያጠፋ መሆኑን ሰምቶ ወጣ፣ አሳማውም ገደለው። በዚህ አባባል ማንም አይወቀስም።

«ከድል መንጋጋ ሽንፈትን መንጠቅ» «ከሽንፈት መንጋጋ ድልን መንጠቅ» የሚለው ተገልብጦ የተፈጠረ ፌዝ ነው፤ በእጃቸው የገባውን ምርጫ በራሳቸው ስህተት ለሚያጡ ፓርቲዎች በደንብ ይሠራል። «ክሎስ ባት ኖ ሲጋር» የአሜሪካ አባባል ሲሆን፣ በባዛር ጨዋታዎች ለአሸናፊ ሲጋራ ይሸለም ከነበረበት ዘመን እንደመጣ ይነገራል፤ ተቃርቦ ለሳተ ሁሉ ይውላል።

አጠቃቀም

በመደበኛ ጽሑፍና በሥራ ደብዳቤ ውስጥ «ፎል አት ዘ ላስት ኸርድል» ያለ ስጋት ይገባል። «ቾክ» እና «ቦትል ኢት» ግን ሰውየውን ፈሪ ማለት ስለሆኑ በቀጥታ ለባለቤቱ ሲነገሩ ያስቀይማሉ። ሽንፈቱን ለሚያጽናኑት ሰው «ፒፕድ አት ዘ ፖስት» ይሻላል።